ያስመረቅናቸው ልጆች የት ገቡ?

ባለፈው ክረምት የዲፓርትመንት ኃላፊያችን አንድ ክላሰር ይዞ መጣ። ውስጡ የሁለት ዓመት ተመራቂዎች ዝርዝር ነው። ስም፣ የተማሩት ሙያ፣ ስልክ ቁጥር። "ደውልላቸውና የት እንዳሉ ጠይቅ፣ በሁለት ሳምንት ሪፖርት ይፈለጋል" አለኝ። ወረቀት ላይ ስሙ የተመራቂዎች ክትትል ጥናት ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሁላችንም ትሬሰር ነው የምንለው።

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ነኝ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ስታቲስቲክስ አልተማርኩም። ከዚያ ክላሰር ወዲህ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ከረምኩ። ዛሬ ልጽፈው ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቢሮው በዚያ ሙቀት አያስቀምጥም። ወደ ከዚራ ሰፈር ወርጄ ዛፍ ሥር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩና መደወል ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስልኮች ዝግ ናቸው። ስድስተኛው ጠራ፤ አንዲት እናት አነሱ። "ልጄ ጂዳ ናት፣ ስልኩን ለኔ ትታልኝ ነው የሄደችው" አሉኝ። ልጅቷ የተማረችው ልብስ ስፌት ነው። ሌቭል ሦስት ጨርሳለች፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፋለች። ጂዳ ምን እንደምትሠራ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው "ሰው ቤት ነው" አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ ተቀጥሯል፣ የራሱን ሥራ ፈጥሯል፣ ሥራ አጥ። የቱ ላይ ነው ምልክት የማደርገው?

ሌላው አውቶ መካኒክ የተማረ ነው። "ቲቸር! አቦ እንዴት ነህ?" ብሎ ጮኸ። ከኋላው የባጃጅ ሞተር ይሰማል። ከሳቢያን ሰፈር አሸዋ ሰፈር በሚወስደው መስመር ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ጋራዥ ገብቶ ነበር፣ ስድስት ወር እንኳ አልቆየም። "ጋራዥ በወር የሚከፍለኝን እዚህ በሳምንት ነው የማገኘው" አለኝ። ሥራ አለው። ያስተማርነው ሥራ ግን አይደለም። ባጃጁ ሲበላሽ ደግሞ ራሱ ነው የሚፈታው፣ ስለዚህ ትምህርቱ ባከነ ማለትም አይቻልም። እሱንም የት እንደምጽፈው አላወቅኩም።

አንዱ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሽጧል፤ ያነሳው ሰውዬ ጅማ ነው ያለው፣ ድሬዳዋን ረግጦም አያውቅም። ሌላዋ ስታነሳ ሹክሹክታ ነው፣ ሥራ ላይ ስለሆነች በኋላ ልደውልልህ አለች፣ አልደወለችም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማግኘት የቻልኩት ከዝርዝሩ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ሪፖርቱ ግን ተሠራ። ያልተገኙት ከስሌቱ ወጡ። ከተገኙት ውስጥ ስንቱ ሥራ እንዳለው ተቆጥሮ በመቶኛ ተጻፈ። ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል። ለምን ጥሩ እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፤ ስልኩ የሚሠራው፣ ካርድ የሚሞላው፣ የድሮ አስተማሪው ሲደውልለት ሳያፍር የሚያነሳው በአብዛኛው ሥራ ያለው ልጅ ነው። ሥራ ያጣው ልጅ ቁጥር ይቀይራል፣ ከተማ ይቀይራል፣ ስልኩ ሲጠራ ያየዋል፣ አያነሳም። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ዲፓርትመንት ስንት ሰልጣኝ እንደሚቀበል ይወሰናል። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ምክንያቱም መልሱ አገር ውስጥ አለ። ጠፍቶ አይደለም። ፋብሪካ የተቀጠረው ልጅ ከደሞዙ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ስሙ፣ ደሞዙና አሠሪው ተጽፎ ተቀምጧል። ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ስላለው ገቢዎችም ጋ አለ። ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከተመዘገበ ቀበሌ ጋ አለ። ውጭ አገር ለሥራ በሕጋዊ መንገድ ከሄደ ደግሞ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ባዘጋጀው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ አለ። እኛ ጋ ያለው የትምህርት መዝገቡ ነው፤ የሥራ መዝገቡ እዚያ ማዶ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። በመሃል እኔ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ እደውላለሁ።

የመዝገቦቹ መለያየት ደግሞ አንዳንዴ በመዋቅር ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ቴክኒክና ሙያ ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ወደዚያ ሄደ። በኔ እምነት ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ስልጠና ከሥራ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ይጠቅማል። ግን እኛ ጋ የሚመጣው ልጅ አስር ወይም አስራ ሁለት ዓመት መደበኛ ትምህርት ቤት ቆይቶ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው የሕይወቱ ክፍል አንድ ሚኒስቴር ጋ ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ሚኒስቴር ጋ። ሒሳብ ላይ ስምንተኛ ክፍል የወደቀ ልጅ ኤሌክትሪክ ላይ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ብፈልግ ሁለቱን መዝገብ አንድ ላይ ማየት አለብኝ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አስቡት። በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር በሙሉ ስለዚያ ቁጥር ተነጋገረ፣ እኛም ቤት ተነጋገርን፣ የጎረቤታችን ልጅ ከተፈተኑት አንዷ ስለነበረች ለሳምንት ያህል ያንን ቤት ሐዘን ነው የመሰለው። ስላለፉት እናውቃለን፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ስለቀሩት ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ግን ምን እናውቃለን? ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ስንቱ ገባ፣ እኛ ጋ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሱቅ ከፈተ፣ ስንቱ በቦሳሶ ወይ በኦቦክ ባሕር ተሻገረ? ስለ 3.3ቱ ጋዜጣ ሙሉ ተጽፏል። 96.7ቱን ተከታትሎ የሚነግረን መዝገብ የለንም።

ጥናት የለም ማለቴ አይደለም። በ2013 የተደረገው የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት የከተማ ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ መሆኑን ነግሮናል። ጠቃሚ ቁጥር ነው። ግን የናሙና ጥናት ስንት ሰው ሥራ እንዳጣ ይነግርሃል እንጂ የትኛው ኮሌጅ፣ ከየትኛው ዲፓርትመንት፣ በየትኛው ዓመት የተመረቀው እንዳጣ አይነግርህም። ለአንድ ኮሌጅ ዲን ደግሞ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው። ስለ ድሬ የሕዝብ ብዛት እንኳ ስንጠየቅ ወደኋላ ሄደን የምንጠቅሰው የ1999 ቆጠራን ነው፣ 341 ሺህ 834። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። የትምህርት መዝገብንና የደሞዝ መዝገብን ማገናኘት ለኛ አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኮስት ሼሪንግ፣ የትምህርት ወጪ መጋራት የሚባለው፣ ምንድነው ታዲያ? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ውል ይፈርማል፣ ሲመረቅና ሲቀጠር አሠሪው ከደሞዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለመንግሥት ያስገባል። እህቴ ዕዳዋን ከፍላ ክሊራንስ እስክታመጣ ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪዋን አላገኘችም፣ በቴምፖ (በጊዜያዊ ማስረጃ) ነበር ሥራ የምትፈልገው። ክሊራንሱን ለማግኘት የተመላለሰችበትን ብነግራችሁ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ነጥቡ ግን ይሄ ነው፦ ማን ተመረቀ፣ የት ተቀጠረ፣ ስንት ይከፈለዋል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ለዕዳ ሲሆን አንድ ፋይል ላይ ይገናኛሉ። ለትምህርቱ መሻሻል ሲሆን ይለያያሉ። ገንዘቡን ለመሰብሰብ የቻልነውን ያህል ለመማርም እንቻል ነው የምለው።

ወደ ሥራው ስንገባ ግን ቀላል አይደለም፣ በተለይ ድሬ። ክላሰሩን ይዤ አንድ ቀን ሙከራ አደረግኩ። የኛን ዝርዝር በከተማው ከተመዘገቡ ሥራ ፈላጊዎች ስም ጋር በዓይኔ ላስተያይ ብዬ ነበር፣ ጓደኛዬ ቢሮው ውስጥ ስላለ ስልክ ቁጥርና አድራሻ የሌለበት የስም ዝርዝር ብቻ አጠገቤ ሆኖ አሳየኝ። (አሁን ሳስበው ይህም ቢሆን መደረግ አልነበረበትም፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።) ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተጣበቅኩ።

ፋጡማ የምትባል ልጅ አለች እንበል። በአማርኛ ፋጡማ ተብላ ትጻፋለች፣ አንዳንዱ ፋጢማ ይላታል። በሶማሊኛ ፋዱሞ ናት። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ስትጻፍ "ጡ" የሚለውን ድምፅ የሚይዘው ኤክስ የሚባለው ፊደል ነው። ያው ኤክስ በሶማሊኛ አጻጻፍ ግን "ሐ" ነው። ሐሰን የሚባል ልጅ በሶማሊኛ በኤክስ ይጀምራል፣ ጥላሁን የሚባል ልጅ በቁቤ በኤክስ ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ኮምፒዩተር ምን ያደርገዋል? በአማርኛውም ቢሆን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ አለ። አህመድ፣ አሕመድ፣ አሀመድ ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኤክሴል ሦስት ሰው ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፣ አያት አንዳንዴ ይዘለላል። ድሬ ላይ መሐመድ አህመድ ብለህ ብትጣራ ቀፊራ ገበያ ግማሹ ዞር ይላል።

የልደት ቀን ይረዳል ትሉ ይሆናል። አንዱ በኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ አንዱ በፈረንጅ። ልዩነቱ እንደ ወሩ አንዴ 7 ዓመት ነው፣ አንዴ 8። ጳጉሜ ላይ የተወለደ ልጅ ደግሞ መዝጋቢው ኤክሴል ሲከፍት 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለ ወይ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ይገፋል ወይ ወደ መስከረም 1። ብዙ የገጠር ልጅ ትክክለኛ ቀኑን ስለማያውቀውም መስከረም 1 ይጻፍለታል።

ይህ ችግር መፍትሔ አለው፣ የሌላ አገር ሰዎችም ተቸግረውበታል። ፌለጊና ሰንተር የሚባሉ ሁለት የካናዳ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት መዝገብ ላይ ያለው ሰው አንድ መሆኑን በአንድ ነገር ብቻ አትወስንም። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ዓመቱን፣ ጾታውን፣ ወረዳውን እያንዳንዱን ታመዛዝናለህ። ብርቅ ስም ከተገናኘ ክብደቱ ትልቅ ነው፣ መሐመድ ከመሐመድ ቢገናኝ ግን ብዙም አይነግርህም። ድምሩ ከፍ ካለ አንድ ሰው ነው፣ ዝቅ ካለ አይደለም፣ መሃል ላይ ያለውን ሰው በዓይኑ ያየዋል። ለድሬ የሚሆን ዘዴ ሲሠራ የአራት ቋንቋ አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው አብሮ መቀመጥ አለበት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ። አዲስ አበባ ተሠርቶ የሚላክልን ሶፍትዌር ብቻውን ይህን አይፈታውም።

አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ነበር የሚሠራው። ድሬን የወለዳት ባቡሩ ነው፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ከተማዋም ያኔ ነው የተቆረቆረችው። አባቴ በልጅነቱ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፣ ብየዳ ተማረ፣ ፎርማን ሆነ፣ ጡረታ ወጣ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ የሠራተኛ ቁጥር ነበረው። እስኪሞት ድረስ ያንን ቁጥር በቃሉ ያውቀው ነበር፣ የኛን ልደት ቢረሳ እሷን አይረሳም። መሥሪያ ቤቱ ማንን ምን እንዳስተማረ፣ የተማረው ሰው የት ክፍል እንደተመደበና ምን ያህል እንደቆየ ያውቅ ነበር። ብየዳ የሚችል ሰው ሲያንስ አዲስ ተለማማጅ ይቀበላል። አንድ ግቢ ስለሆነ ቀላል ነበር፣ ይገባኛል። ግን ቁጥሯ ናት ያቀለለችው።

አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል። አዋጁ 1284/2015 ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ስም በአራት ቋንቋ ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። ኮሌጅ ሲመዘግብ ከጻፈው፣ አሠሪም ጡረታ ሲያስገባ ከጻፈው፣ የፋጡማና የፋዱሞ ችግር ከእንግዲህ ለሚመዘገቡት አበቃ። ያለፉትን በዚያኛው፣ በካናዳውያኑ የማመዛዘን ዘዴ መልቀም ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሠሩት ሳነብ ያየሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ አሠሪዎች ለሥራ አጥነት መድን ሲሉ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደሞዝ በየሦስት ወሩ ለክፍለ ግዛታቸው ያሳውቃሉ። ክፍለ ግዛቶቹ ያንን ከትምህርት ቤት መዝገብ ጋር አገናኙት። በአገር ደረጃ የተማሪዎችን መዝገብ በየሰዉ አንድ ቦታ መሰብሰብ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ስለተከለከለ ነው ሥራው በአብዛኛው በክፍለ ግዛት የቀረው። ቴክሳስ ውስጥ ያለው የመንግሥት የቴክኒክ ኮሌጅ ከክፍለ ግዛቱ ለማስተማሪያ የሚያገኘው በጀት የሚሰላው ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በሚያገኙት ደሞዝ ነው። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሕግ የትምህርት መዝገብን ከግብር መዝገብ ጋር አገናኝታ፣ ተመራቂዎች ከ1፣ ከ3፣ ከ5 እና ከ10 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚያገኙ በየትምህርት ዘርፉ ታወጣለች። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ልማር ብሎ ሲያስብ ያንን ማየት ይችላል።

የቴክሳሱን እኛ ጋ አሁን አምጡ ብባል እምቢ እላለሁ። በጀታችን በደሞዝ ከተሰላ ደከም ያለውን ልጅ የሚቀበል ኮሌጅ አይኖርም፣ ሁሉም ጎበዝ ጎበዙን ለቅሞ ይገባል፣ የልብስ ስፌትና የምግብ ዝግጅት ሴት ልጆች ደግሞ ደሞዛቸው ዝቅ ስላለ ብቻ ዲፓርትመንታቸው ይዘጋል። የእንግሊዙ ግን ይጠቅመናል። አውጥቶ ማሳየት ብቻ።

ለድሬ ምን ይሠራል? ምሳሌ ልስጣችሁ። ነሐሴ 2014 ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚህ ተከፈተ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ ያልፋል። መጋዘን፣ ጉምሩክ፣ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ አያያዝ፣ የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የባቡር ኤሌክትሪክ፤ ይህ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። የተቀጠሩት ልጆች ከየት መጡ? ከኛ ናቸው ወይስ ከአዲስ አበባ? ከኛ ከሆኑ ከየትኛው ዲፓርትመንት? ገብተው ቆዩ ወይስ በሦስተኛው ወር ለቀቁ? ከለቀቁ በደሞዙ ነው፣ በትራንስፖርቱ ነው፣ ወይስ ያስተማርናቸው ማሽን እዚያ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል? የመጨረሻው ጥያቄ ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። ሌሎቹን ግን የኛ የተመራቂ ዝርዝርና የጡረታ መዝገቡ አንድ ቀን ቢገናኙ በአንድ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። እኔ የማስተምረውን ሞተር መቆጣጠሪያ ፓነል የገዛነው በግምት ነው። በግምት መግዛት ውድ ነው።

መዝገብ ሁሉን ያያል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ጡረታ አይከፍልም። ታይዋን ሰፈር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው፣ ጫት ጭኖ የሚያድረው፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድገው፣ አንዳቸውም እዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ድሬ ደግሞ የንግድ ከተማ ናት፣ ብዙ ሰው የሚበላው ከዚያ ነው። መዝገቡ ብቻ ከታመነ እነዚህ ሁሉ "ሥራ አጥ" ተብለው ይወጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ባለሥልጣን ተነስቶ "ይህ ኮሌጅ ፍሬ የለውም" ይላል። ስለዚህ ስልኩ አይቀርም። ልዩነቱ፣ ያኔ የምደውለው መዝገቡ ላይ ለጠፉት ብቻ ነው፣ ክላሰሩን በሙሉ አይደለም። ለእነሱ ደግሞ ጊዜ ሰጥቼ፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ። ቅጹ ላይም አራተኛ፣ አምስተኛ ሳጥን መጨመር አለበት። የጂዳዋ ልጅ የምትገባበት ሳጥን ያስፈልጋል።

አሁን ወደዚያ ቅንፍ ልመለስ። ጓደኛዬ ዝርዝሩን ሲያሳየኝ ውስጤ ትክክል አይደለም ብሎኛል። እዚያ ወረቀት ላይ የጎረቤቶቼ ስም ነበር። ማን ሥራ እንደሚፈልግ የማወቅ መብት የለኝም። ማገናኘት ሲባል የሰው ሁሉ ፍርሃት ይሄ ነው፣ ልክም ነው። ማን ስንት እንደሚያገኝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያይበት ሥርዓት ከሆነ እኔም አልፈልገውም።

በትክክል ሲሠራ ግን እንደዚያ አይደለም። ኮሌጁም ጡረታውም መለያ ቁጥሮቻቸውን ብቻ ለአንድ ሦስተኛ ወገን ይሰጣሉ። እሱ ቁጥሩን ተመልሶ ሊፈታ ወደማይችል ኮድ ይለውጠዋል፣ ውጤትና ደሞዝ አያይም። የሚያጠናው ባለሙያ ደግሞ ኮዱን፣ ዲፓርትመንቱንና ደሞዙን ነው የሚያየው፣ ስም አያይም። ብሔርና ሃይማኖት ለዚህ ጥያቄ አያስፈልጉም፣ ፋይዳም ብሔር አይመዘግብም፣ እዚህም ጨርሶ መግባት የለባቸውም። ሲወጣ በጅምላ ነው የሚወጣው። አንድ ዲፓርትመንት ስድስት ሰው ብቻ አስመርቆ ከሆነ አይወጣም፣ ምክንያቱም ስድስት ሰው ድሬ ላይ ይተዋወቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይህን አንብቦ፣ ውል ተፈራርሞ፣ ማን ምን እንደሚያይ በጽሑፍ ካላስቀመጠ ማገናኘቱ ባይጀመር ይሻላል። በጓደኝነት ዝርዝር ማየት እኔ ጋ አብቅቷል።

ዘንድሮ ምዝገባ ላይ ሪጅስትራሩን ለምኜ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር አስጨምሬያለሁ። አንዱ የፋይዳ ቁጥር ነው። ሁለተኛው "ከተመረቅኩ በኋላ የሥራ ሁኔታዬ ስሜ ሳይጠቀስ ለጥናት እንዲውል እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም" የሚል ነው። ማገናኘቱ መቼ እንደሚጀመር ማንም አልነገረኝም፣ ሲጀመር ግን የኛ ልጆች ስም በአራት ቋንቋ አጻጻፍ ተበትኖ እንዳይገኝ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ ቅጹን ሞልታ ሁለቱ መስመሮች ላይ ቆመች። ከመልካ ጀብዱ ነው የመጣችው፣ ኤሌክትሪክ ልትማር ነው፣ እናቷ አብራት ቆመዋል።

"ቲቸር፣ ይሄ ለግብር ነው?"

አይደለም አልኳት። ምን እንደሆነ አስረዳኋት፣ ስለ ክላሰሩ ነገርኳት፣ እናቷም በጥሞና ሰሙኝ። "ታዲያ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ለግብር ቢያደርገውስ? አንተ ትኖራለህ?" አለችኝ። አዋጁን ጠቀስኩላት። የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የቱ እንደሆነ፣ በደል ቢደርስባት የት ሄዳ እንደምትከስ ጠየቀችኝ፣ ድሬ ላይ የምታንኳኳው በር የቱ ነው አለችኝ። ያንን መመለስ አልቻልኩም።

ሁለቱንም መስመር ባዶ ትታ ቅጹን ሰጠችኝ። ተቀበልኳት፣ ማህተም አደረግኩበት፣ ሰኞ ትምህርት ጀመረች። ጥያቄዋን በደብዳቤ ጽፌ ለሚመለከተው ክፍል አስገብቻለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ መጀመሪያ የምነግረው ግን ለሷ ነው።